«ልቤን ታየሁ» ሲባል ምኑ ነው የታየው?

ጎንደር ውስጥ «ልቤን» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ቃር የያዘው ሰው «ልቤን አቃጠለኝ» ይላል። ሊያስመልሰው ያለው «ልቤን አጥወለወለኝ» ይላል። ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጭምድድ የሚያደርገውም ያው «ልቤን» ነው የሚለው። ሦስቱም ካርድ አውጥተው ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ሲጠብቁ አንድ ሕመም ያለባቸው ይመስላሉ። ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ግን ከአፋቸው ይልቅ እጃቸው ይናገራል። አንዱ ከእምብርቱ በላይ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ይነካል። ሌላው በአንድ ጣቱ ጡቱ ሥር ይጠቁማል። ሦስተኛው ጡጫውን ደረቱ መሃል ላይ ያሳርፋል። ሐኪም ደንግጦ የሚነሣው ለዚህኛው ነው።

ምርመራው እዚያች እጅ ላይ ይጀምራል፤ ምክንያቱም የልብና የደም ሥር ምርመራዎች እያንዳንዳቸው የተጠየቁትን ብቻ ነው የሚመልሱት። ኢሲጂ ስለ ልብ ኤሌክትሪክ ይናገራል። ኢኮ ስለ ጡንቻውና ስለ በሮቹ፣ ማለትም ስለ ቫልቮቹ። አንጂዮግራፊ ደግሞ ልብን ራሱን ስለሚመግቡት ቧንቧዎች። «ልቤን ታየሁ፣ ምንም የለብህም ተባልኩ» ብሎ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነው የታየው። የትኛውን እንደታየ ማወቅ፣ በእኔ እምነት፣ የሚውጠውን መድኃኒት ስም ከማወቅ አያንስም።

ተራ ከሚመስለው፣ ከደም ግፊት ልጀምር። ተራ ስለሚመስል ነው በብዛት የሚበላሸው። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። ዳገቱን ወጥቶ፣ በር ላይ ተጋፍቶ፣ ጠዋት አቦሉንና ቶናውን ጠጥቶ የመጣ ሰው ገና ቁጭ እንዳለ ቢለካ፣ የሚነበበው የዳገቱና የቡናው ግፊት ነው። ከመለካት በፊት 5 ደቂቃ ሙሉ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ቡናና ሲጋራ ቢያንስ 30 ደቂቃ ያልፋቸው፤ ሽንትም ይሸና። የተወጠረ ፊኛ ብቻውን የላይኛውን ቁጥር ወደ 10 ሊጨምረው ይችላል፤ እየተለኩ ማውራትም እንደዚያው ነው። ጀርባ ወንበሩን ይደገፍ፣ ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ፣ እግር በእግር ላይ አይጫን። ክንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትይዩ ይረፍ። ክንዱ ከልብ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ንባቡ ከ7 እስከ 8 ይጨምራል፤ የደሙ ዓምድ ክብደት ነው የሚጨምረው፣ መሣሪያው አልተሳሳተም።

እጅጌ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ብርድ ነው ተብሎ ከሹራብና ከቀሚስ እጅጌ በላይ ማሰር ቁጥሩን ያዛባል። እጅጌውን ጠቅልሎ ብብት ሥር መቆለልም ክንዱን እንደ ገመድ ያንቀዋል። የሚሻለው አንዱን ክንድ ከልብሱ ማውጣትና በነጠላ ወይም በጋቢ መከናነብ ነው። መጠምጠሚያው ለወፍራም ክንድ ከጠበበ ግፊት የሌለበትን ሰው የግፊት ሕመምተኛ ያደርገዋል። «ይህ ለእኔ ክንድ አልጠበበም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። መጀመሪያ ቀን ሁለቱም ክንዶች ይለኩ፤ ከዚያ በኋላ ከፍ ያለው ይያዝ። ሁለት ጊዜ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ተለክቶ አማካዩ ይጻፍ። ሐኪም ቤት 140 በ90 እና ከዚያ በላይ በተለያየ ቀን ከተደጋገመ ግፊት አለ ይባላል። ቤት ውስጥ ለሚለካ ግን ወሰኑ 135 በ85 ነው።

ስለ ጾም እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ቅዳሴ ሳይወጣ ምንም አልቀምስም ብለው የጠዋቱን ክኒን ወደ 9 ሰዓት የሚያሻግሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ በረመዳን ደግሞ እስከ ማፍጠሪያው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲለኩ ግፊቱ አልወርድ ያለ ይመስላል፤ ሐኪሙም ያልተነገረውን ስለማያውቅ ሁለተኛ መድኃኒት ይጨምራል። በቀን አንዴ ብቻ የሚወሰድ ክኒን ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል። የሚዛወረው ግን ሲነገር ነው። «ጾመኛ ነኝ፣ የምውጠው በዚህ ሰዓት ነው» ማለት ሁለት መስመር አይሞላም፤ አንድ ሙሉ መድኃኒት ያድናል።

ወደ ኢሲጂ ስንመጣ፣ መጀመሪያ መወገድ ያለበት ፍርሃቱ ነው። መሣሪያው ወደ ሰውነት ምንም ኤሌክትሪክ አይልክም፤ ከልብ የሚወጣውን ብቻ ያዳምጣል። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሆላንዳዊው ዊለም አይንቶቨን የሕመምተኞቹን ሁለት እጆችና አንድ እግር በጨው ውኃ ባልዲ ውስጥ ያስነክር ነበር። ዛሬ ባልዲው ቀርቷል፤ ምክንያቱ ግን አለ። ቆዳና ብረት በደንብ ካልተገናኙ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። አራት መያዣዎች እጅና እግር ላይ፣ ስድስት ደግሞ ደረት ላይ ይለጠፋሉ። በድምሩ 10 ናቸው፤ ከእነሱ 12 የልብ ገጽታዎች ይወጣሉ።

አልጋው ላይ የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። ከገጠር የመጡ እናት ደረታቸውና አንገታቸው ቅቤ ተቀብቷል፤ ማተባቸው ጡታቸው መሃል ላይ አርፏል። «ማተቤን ልትበጥሰው ነው?» ብለው እጃቸውን ይጭኑበታል። ባለሙያው «አይ እማማ፣ ወደ ትከሻዎ ነው የማደርገው» ይላቸዋል፤ እውነቱም ይኸው ነው። ማተብ ክር ነው፣ ኢሲጂን አይረብሽም፤ ገለል ማድረግ ይበቃል። ቅቤው ግን ይረብሻል፤ ደረት ላይ የሚጣበቀው የጎማ መያዣ ይንሸራተታል። በአልኮል ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ብርዱ የሚያንቀጠቅጣቸው ከሆነ ጋቢው እግራቸው ላይ ይደረግ፤ የጡንቻ መንቀጥቀጥ ወረቀቱ ላይ የልብ መዛባት መስሎ ይወጣል። የግራና የቀኝ እጅ ሽቦ ከተቀያየረም መስመሩ ይገለበጥና የሌለ በሽታ ያሳያል። ስለዚህ እንግዳ ውጤት ሲወጣ «ይደገም» የሚል ባለሙያ አይታማ፤ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።

ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ አንዱ ትልቅ ካሬ 0.2 ሰከንድ ነው። ከአንድ የምት ጫፍ እስከ ቀጣዩ ስንት ትልቅ ካሬ እንዳለ ቆጥሮ 300ን በዚያ ማካፈል ነው። አራት ካሬ ከሆነ ልብ በደቂቃ 75 ጊዜ ይመታል። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ማየት ይችላል። የቀረውን ለሐኪም ይተው። ኢሲጂ የሚያየው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ትናንት ማታ ለአፍታ ልቡ ተንደርድሮ የተረጋጋለት ሰው ዛሬ ጠዋት ንጹሕ ኢሲጂ ቢወጣለት የትናንቱ አልነበረም ማለት አይደለም። በሩ የጠበበ ልብም ጤናማ መስመር ሊያወጣ ይችላል።

ያ የሚመጣና የሚሄድ መንደርደር የሚያዘው በሆልተር ነው፤ ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ መሣሪያ ነው። መታጠብም ሆነ ጸበል መጠመቅ እስኪወልቅ ይቆያል። ከመሣሪያው ጋር ማስታወሻ ይሰጣል፤ ልብ ሲደልቅ፣ ሲያዞር፣ ዳገት ሲወጣ ሰዓቱ ይጻፋል። ስሕተቱ የሚገባው እዚህ ነው። መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። «8 ሰዓት ላይ ልቤ ደለቀ» ተብሎ የተጻፈው ቀን ይሁን ሌሊት፣ በእኛ ይሁን በፈረንጅ ካልታወቀ፣ አንባቢው ስድስት ሰዓት ርቆ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ሕመምተኛው በእኛው ሰዓት ይጻፍ፤ ግን «ከቀኑ 8 ሰዓት በኢትዮጵያ» ይበል።

ጣት ላይ ስለምትሰካው ኦክስጅን መለኪያ አንድ ነገር ብቻ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ከፍታ ጤነኛ ሰው 94 ወይም 95 ቢያሳይ አያስደነግጥም። እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም ያለበት ጣት ግን የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ያልተቀባ ጣት ይመረጥ። እጅ ከቀዘቀዘም መጀመሪያ ይታሸት። የደረት ራጅም ፈጣን ነው። የልብ ጥላ ስፋት ከደረቱ ስፋት ግማሽ ካለፈ ልብ ሰፍቷል ተብሎ ይጠረጠራል፤ አየር በደንብ ሳይሳብ የተነሣ ራጅ ግን ጤናማውን ልብ ሰፊ ያስመስለዋል።

አሁን ወደ ኢኮ። በዚህ አካባቢ ላለ ሰው ትልቁ ምርመራ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የወጣቶቻችንን ልብ አብዝቶ የሚጎዳው በልጅነት የጉሮሮ ቁስለት ተነሥቶ የልብ በሮችን የሚያጠብቀው የሩማቲክ በሽታ ነው። ኢኮ በድምፅ ሞገድ ነው የሚያየው፤ ጨረር የለውም፣ ነፍሰ ጡርንም አይጎዳም፣ ባዶ ሆድ መምጣትም አያስፈልግም። በግራ ጎን ተኝቶ ግራ እጅን ከራስ በላይ ማንሣት ነው፤ ልብ እንዲህ ሲሆን ወደ ደረት ግድግዳ ይጠጋል። ቀዝቃዛ ቅባት ይቀባና ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይታያል። ደረት መገለጥ ስላለበት ሴቶች ነጠላ ይዘው ይግቡ፤ ሴት ባለሙያ ወይም አብራ የምትቆም ዘመድ መጠየቅም መብታቸው ነው።

ውጤቱ ላይ ሰውን የሚያስደነግጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መቶኛው ነው። «ልቤ 60 ከመቶ ብቻ ነው የሚሠራው» ብለው የሚያለቅሱ ሰዎች አሉ። ቁጥሩ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚገፋ ነው የሚናገረው፤ ማንም ልብ ሁሉንም ጠርጎ አያወጣም። ከ55 እስከ 70 ጤናማ ነው፤ 60 ሲባል ምስጋና ነው የሚገባው። 40 እና ከዚያ በታች ሲሆን ጡንቻው ደክሟል፤ ለዚያ ሕይወት የሚያስረዝሙ መድኃኒቶች አሉ። ሁለተኛው «በጣም ቀላል መፍሰስ» የሚለው ነው። በተለይ በቀኝ በኩል ባለው በር ላይ ይህ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ይታያል። መካከለኛና ከባድ የሚሉት ቃላት ናቸው ክትትል የሚፈልጉት።

የግራው መግቢያ በር በጤናው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይከፈታል። በሩማቲክ ጠቦ 1.5 እና ከዚያ በታች ሲደርስ ከባድ ይባላል። ልጅቷ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ትንፋሿ የሚቆራረጠው፣ በርግዝናዋም ሳንባዋ ውኃ የሚሞላው በዚህ ነው። በሩ ገና የሚታጠፍ ከሆነ፣ ብዙ ካላፈሰሰና ከበስተኋላው ደም ካልረጋ ያለ ቀዶ ጥገና በባሉን ይሰፋል። በብሽሽት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ የልብን መሃል ግድግዳ በስቶ፣ ጠባቡ በር ውስጥ ባሉኑ ይነፋል። ከዚያ በፊት የረጋ ደም መኖሩን ለማየት በጉሮሮ የሚገባ ኢኮ ይደረጋል። ለዚህኛው ግን 6 ሰዓት ምንም አለመብላት ግዴታ ነው፤ ጉሮሮ ስለሚደነዝዝ ማንኛውም ትውከት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ድንዛዜው እስኪለቅም ምግብም ውኃም አይቀመስ።

ይህ ሁሉ መነሻው ላይ መቆም ይችል ነበር። ጉሮሮው የታመመ ልጅ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ካገኘ የሩማቲክ ትኩሳቱን መከላከል ይቻላል። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ግን በሽታውን አያስቀሩም፤ መድማትንና ሌላ ቁስለትን ይጨምራሉ። በሽታው አንዴ የያዘው ሰው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት የፔኒሲሊን መርፌ ይወስዳል፤ ከ27 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን ግማሹ ነው። ለዓመታት፣ የልብ በር ለተጎዳበት ደግሞ እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ሊደርስ ይችላል። «ድኛለሁ» ተብሎ የሚቆም መርፌ አይደለም። የሚያመው በሽታው ሲመለስ ነው፤ ያኔ በሩ እንደገና ይጠብባል።

በብረት በር የተተካላቸው፣ ወይም ከጠበበው በር ጋር ልባቸው የተዘበራረቀ ምት የያዘው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ይውጣሉ። ከሁሉ ይልቅ የምጠነቀቅለት ይህ መድኃኒት ነው። ልኩ የሚታወቀው ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ በሚያሳየው የደም ምርመራ፣ በአይኤንአር ነው፤ ለብዙዎች ከ2 እስከ 3፣ በግራው መግቢያ የብረት በር ላላቸው ከ2.5 እስከ 3.5። ከዚያ ካነሰ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ይደማል። «ጎመን አትብላ» የሚለው ምክር ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ጎመን መድኃኒቱን ያዳክማል፤ የሚጎዳው ግን መለዋወጡ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን በየቀኑ ጎመን የበላ ሰው አይኤንአሩ ይወርዳል፤ መጠኑ ሊጨመርለት ይችላል። ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑ ቀርቶ ሥጋና ጠላ ሲተካ ያው የተጨመረው መጠን ደሙን ከልክ በላይ ያቀጥነዋል። ስለዚህ ጾሙ በገባ በሳምንቱና ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱ መለካት ጥሩ ዘዴ ነው።

ከምግብ ይልቅ የሚያስፈራው ያለ ማዘዣ የሚገዛው ክኒን ነው። ለአሜባ የሚዋጠው ሜትሮኒዳዞል እና ኮትሪሞክሳዞል የዋርፋሪንን ኃይል በጥቂት ቀን ያበዙታል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ያደማሉ። ፋርማሲ ደጃፍ ላይ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» የሚለው ቃል ከሁሉ ይቅደም። አንድ ቀን የተረሳ ክኒን በዚያው ዕለት ከታወሰ ይዋጣል፤ በማግስቱ ግን ሁለት አይዋጥም። ሴቶች የወር አበባ እንደዘገየ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪም ይንገሩ፤ ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስን ያጎድላል።

ጡጫውን ደረቱ ላይ ላሳረፈው ሰው መንገዱ ሌላ ነው። ሕመሙ ከ20 ደቂቃ በላይ ከቆየ ድንገተኛ ክፍል ነው ቦታው። የመጀመሪያው ኢሲጂ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ ይታያል፤ ልብ ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም የሚለቀቅ ነገር ነው። ለመታየት ጥቂት ሰዓት ስለሚፈልግ ይደገማል። «ደሜን ሁለቴ ቀዱኝ» ብለው የሚቆጡ አሉ፤ ሁለተኛው ነው ዋናው።

ቧንቧውን በዓይን የሚያሳየው አንጂዮግራፊ ነው። በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት 2 ሚሊ ሜትር የሚያህል ቱቦ ይገባል፤ ቦታው ይደነዝዛል፣ ሰውየው ነቅቶ ያያል። ቧንቧው በራጅ እንዲታይ በቱቦው የሚገባው ቀለም ለኩላሊት ስለሚከብድ አስቀድሞ የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው ክሬያቲኒን ይለካል፤ ሜትፎርሚን የሚወስድ ስኳር ሕመምተኛ ማቆም እንዳለበት ይጠይቅ። ጥበቱ ከ70 ከመቶ ካለፈ፣ በዋናው ግራ ቧንቧ ደግሞ 50 ከመቶ ከደረሰ ትርጉም አለው ይባላል። በብሽሽት የተሠራለት ከ4 እስከ 6 ሰዓት እግሩን ሳያጥፍ ይተኛል፤ ቢያስነጥሰው ቦታውን በእጁ ይጫን። ስቴንት፣ ማለትም የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ መረብ የገባለት ሰው ደም እንዳይረጋበት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል ይታዘዝለታል፤ ስቴንቱ የገባለት የልብ ቧንቧው በድንገት ተዘግቶበት ከሆነ ብዙ ጊዜ ለ12 ወር። ክሎፒዶግሬሉ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው ሌላ መፈለግ የሚጀመረው፤ ስቴንት ውስጥ የሚረጋ ደም ቀን አይሰጥም።

እግርንም መርሳት አይገባም። ሁለቱም እግሮች አብጠው ጣት ሲጫናቸው ጎድጎድ የሚሉ ከሆነ ልብ፣ ኩላሊትና ጉበት ይታያሉ። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ባቱ ከጋለና ካመመ ግን የረጋ ደም ይጠረጠራል። በአልትራሳውንድ መመርመሪያው ደም ሥሩን ይጫነዋል፤ ጤነኛው ይጨፈለቃል፣ የረጋ ደም ያለበት አይጨፈለቅም። ይህን እግር ወጌሻ አይንካው። ማሸት የረጋውን አላቆ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ሲራመዱ ባት የሚይዛቸው፣ ሲቆሙ የሚለቃቸው ደግሞ የቁርጭምጭሚታቸው ግፊት በክንዳቸው ግፊት ይካፈላል። 100 ለ140 ቢሆን 0.71 ነው፤ ከ0.9 በታች ቧንቧው ጠቧል። በስኳር ሕመምተኛ ቁጥሩ ከ1.4 ቢበልጥም ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የደረቀ ቧንቧ አልጨፈለቅ ብሎ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ይዞት የሚሄደው ፌስታል ውስጥ የሪፈር ወረቀቱ፣ የኢኮ ውጤቱ ከነመለኪያ ቁጥሮቹ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት አይኤንአሮች ከነቀናቸው፣ የመርፌ ካርዱና የሚውጣቸው ክኒኖች ከነብልቃጣቸው ይኑሩ። ኢሲጂው ግን ለብቻ ነገር ይፈልጋል። የሚታተምበት ወረቀት በሙቀት የሚጻፍ ስለሆነ ፀሐይ ያገኘው፣ ወይም ለወራት ላስቲክ ውስጥ የቆየ፣ ደብዝዞ ባዶ ይሆናል። በተነሡበት ቀን ፎቶ ኮፒ ያስደርጉት፣ በስልክም ፎቶ ያንሡት፤ የዛሬው ኢሲጂ የሚነበበው ከአምናው ጋር ሲተያይ ነው።